ከቤተሰቧ የመጀመሪያ ሆና ግቢ ለምትገባ ተማሪ፦ ድጋፉ የት እንዳለና እንዴት እንደሚጠየቅ

ዩኒቨርሲቲ የተማረ ወንድም ወይም አጎት ያላት ልጅ ግቢ ከመግባቷ በፊት ግማሹን ታውቀዋለች። የዶርም ተቆጣጣሪው ፕሮክተር ምን እንደሚሠራ፣ የካፌ ካርድ ቢጠፋ ወዴት እንደሚኬድ፣ የትኛው ቅጽ ሳይነበብ መፈረም እንደሌለበት ቡና ሲፈላ ስትሰማ አድጋለች። ከወሎ ገጠር የሚመጣው ተማሪ ግን ብዙ ጊዜ ከቤቱ ብቻ ሳይሆን ከጎጡም የመጀመሪያው ነው። አባትና እናት ዱዓውን፣ ጸሎቱን፣ ስንቁንና ምርቃቱን ይሰጣሉ፤ የተማሪን ምዝገባና ውጤት ስለሚይዘው ቢሮ፣ ስለ ሬጅስትራር፣ የሚነግሩት ግን የላቸውም። ይህ መመሪያ የዚያን አጎት ቦታ እንዲይዝ የተጻፈ ነው።

በአሜሪካ ለእንዲህ ያሉ ተማሪዎች ራሱን የቻለ አሠራር አለ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 ድህነትን ለመዋጋት ከወጣው ሕግ የተነሡት «ትሪዮ» የተባሉ የፌዴራል ፕሮግራሞች ወላጆቻቸው ዲግሪ የሌላቸውን ተማሪዎች ከሁለተኛ ደረጃ ጀምረው ይይዛሉ፤ ዩኒቨርሲቲ ከገቡም በኋላ አስጠኚና አማካሪ ያገናኟቸዋል። በእኛ ዩኒቨርሲቲዎች «ከቤተሰቡ የመጀመሪያ ለሆነ ተማሪ» የሚል ጽሑፍ በሩ ላይ የተለጠፈበት ቢሮ ፈልገሽ አትድከሚ። ድጋፉ ግን አለ። በአምስት በስድስት ቢሮ ተበታትኖ ነው ያለው፤ አብዛኛውም ካልተጠየቀ አይሰጥም። «ዝም አይነቅዝም» እየተባለች ላደገች ልጅ ከባዱ ይኸው ነው፤ ምክንያቱም ግቢ ውስጥ ዝም ያለች ተማሪ ችግር እንደሌለባት ነው የምትቆጠረው።

የምጽፈው «አንቺ» እያልሁ ነው፤ ከድጋፉ መካከል ለሴቶች ብቻ የተዘጋጀ ስላለ። ወንዱም ለራሱ እየመለሰ ያንብበው።

አንድ፦ ወረቀቱን ከቤት ሳትወጪ ጨርሺ

ለድጋፍ የምታቀርቢው ጥያቄ ሁሉ መነሻው ከቀበሌሽ የምታመጪው ማስረጃ ነው። ግቢ ከገባሽ በኋላ ከደሴ ወደ ወረኢሉ ወይም ከወልድያ ወደ ላሊበላ ለአንድ ማኅተም መመለስ የትራንስፖርት ገንዘብም የትምህርት ቀንም ይበላል። ስለዚህ ውጤትሽ እንደታወቀ፣ ምደባው ሳይወጣ ጀምሪው።

ብዙ ተማሪዎች ይዘው የሚመጡት ደብዳቤ «ግለሰቧ ችግረኛ መሆኗን እናረጋግጣለን» የሚል አንድ መስመር ነው። እንዲህ ያለውን ደብዳቤ የያዘ ተማሪ ስለሚበዛ ለመምረጥ ለተቀመጠ ኮሚቴ አይጠቅመውም። ቀበሌው ዝርዝሩን እንዲጽፍልሽ በትሕትና ለምኚ፤ ካስፈለገም ረቂቁን ራስሽ አዘጋጅተሽ ውሰጂ። የቤተሰቡ ብዛት ስንት ነው? የእርሻ መሬት አላቸው ወይስ የሚያርሱት በእኩል ነው? ቤተሰቡ በሴፍቲኔት ታቅፏል? አባት ወይም እናት በሕይወት የሉም? የአካል ጉዳተኛ ወይም የታመመ ሰው በቤት አለ? በጦርነት ወይም በድርቅ ተፈናቅላችኋል? እያንዳንዱ «አዎ» አንድ ዓረፍተ ነገር ይሁን። ደብዳቤው ቁጥር፣ ቀንና ክብ ማኅተም ይኑረው። ከተቻለ በወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ይረጋገጥ፤ የወረዳ ማኅተም ግቢ ውስጥ ክብደት አለው። ዋናውን ሁለት አድርገሽ አሠሪና አንዱን ለማንም አትስጪ።

የቀበሌ አመራር ተቀይሮ ቤታችሁን የማያውቅ ሰው ከተቀመጠ አባትሽ ወይም አያትሽ የቅሬውን (የዕድሩን) መሪ ይዘው ይሂዱ። በወሎ ማን ምን እንዳለውና ምን እንዳጣ ከቅሬ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ ለቅሶውንም ሠርጉንም አብሮ ያየ ነውና። የቀበሌው ሊቀ መንበር ራሱ ገበሬ መሆኑንም አትርሺ፤ አጨዳ ከደረሰ ቢሮ አታገኚውም፤ ማሳው ድረስ መሄድ ነው።

ከዚህ ደብዳቤ ሌላ የሚከተሉትን በአንድ ፕላስቲክ አቃፊ ሰብስቢ፦ የ8ኛ እና የ12ኛ ክፍል ውጤት ማስረጃ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው ትራንስክሪፕት፣ የፋይዳ መታወቂያ፣ ቤተሰቡ የጤና መድን አባል ከሆነ የአባልነት ደብተሩ ቅጂ፣ ወላጅ ከሞተ የሞት ማስረጃ፣ እንዲሁም ጉርድ ፎቶግራፎች። ሁሉንም ፎቶ ኮፒ አስደርጊ፤ በስልክም አንሥተሽ በቴሌግራም ለራስሽ ላኪው፣ ስልኩ ቢጠፋ ወረቀቱ አይጠፋም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት የትምህርት ቤታቸው መዝገብ የተቃጠለባቸው ተማሪዎች ትራንስክሪፕት አጥተው ሲንገላቱ አይተናል። የአንቺም ትምህርት ቤት ከእነዚያ አንዱ ከሆነ ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የሚያስረዳ ደብዳቤ ያዢ። የ12ኛ ክፍል ውጤት ግን በትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ዘንድ ስላለ ከዚያ ይረጋገጣል።

ሁለት፦ ምደባ

በወሎ ምድር ሦስት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴና በኮምቦልቻ፣ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ በወልድያ፣ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ያስተምራሉ። ምርጫ ስትሞዪ ወላጆች «ከዓይናችን አትራቂ» ይላሉ። ቅርብ መሆን ትራንስፖርት ይቆጥባል፤ እናት ብትታመም ደርሶ መምጣት ይቻላል። ነገር ግን ቅርብ ያለች ልጅ ለአጨዳውም ለሠርጉም ለተዝካሩም ትጠራለች፤ የፈተና ሰሞን መሆኑን ቤት ማን ያውቃል? እኔ የምመክረው በቤት የግድ የምትረጂው ሰው ከሌለ ዩኒቨርሲቲውን በሚሰጠው የትምህርት ክፍል ምረጪ እንጂ በርቀቱ አትምረጪ ነው።

ከባድ የጤና ችግር፣ የአካል ጉዳት ያለባት ወይም የምታጠባ ልጅ ያላት ተማሪ ግን ምደባዋ በልዩ ሁኔታ እንዲታይላት ለትምህርት ሚኒስቴር ማመልከት ትችላለች። ማስረጃው ከመንግሥት ሆስፒታል መሆን አለበት፤ ማመልከቻውም የሚታየው ሚኒስቴሩ በሚያሳውቀው ጊዜ ውስጥ ብቻ ነው። ቀኑ ካለፈ ልቅሶም አይሰማ። ሚኒስቴሩም ሆነ ዩኒቨርሲቲው በግል ስልክ ደውሎ ገንዘብ አይጠይቅም። «ምደባሽን አስቀይራለሁ» ብሎ በቴሌብር ላኪልኝ የሚል ሁሉ ሌባ ነው፣ የዘመድ ዘመድ ቢሆንም።

ከወሎ ውጭ ለሚያስቡ ሁለት ነገር ልጨምር። የማስተርካርድ ፋውንዴሽን የነፃ ትምህርት ዕድል በጎንደር ዩኒቨርሲቲ እና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኩል ይሰጣል፤ የሚያስቀድመውም ችሎታ እያላቸው አቅም ያጡትን፣ ሴቶችን፣ ተፈናቃዮችንና አካል ጉዳተኞችን ነው። አንደኛ ላይ ያዘጋጀሽው የቀበሌ ደብዳቤ ለዚህም ያገለግላል። ሁለተኛው፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ሆኗል፤ እዚያ ለመግባት ያሰበች ልጅ ክፍያውና የመኝታ አሰጣጡ ከሌሎቹ የሚለይበትን ነገር ከመምረጧ በፊት ትጠይቅ።

ሦስት፦ መንገዱና የመጀመሪያው ሳምንት

የመግቢያ ቀን ጥሪ የሚወጣው በዩኒቨርሲቲው ይፋዊ የፌስቡክና የቴሌግራም ገጽ ነው። ኢንተርኔት በሌለበት ወረዳ ካለሽ በከተማ የሚማር ሰው እንዲከታተልልሽ አስቀድመሽ አደራ በዪ። መንገድ ተዘግቶ ከዘገየሽ ከወረዳው «በመንገድ ምክንያት ነው የዘገየችው» የሚል ደብዳቤ ይዘሽ ነይ፤ በባዶ እጅ ከመከራከር ይሻላል።

ጥሪው ላይ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስና የስፖርት ልብስ ያዙ ይላል። የደሴን ብርድ ግን አይነግርሽም። ከቆቦ ወይም ከባቲ ቆላ የምትመጪ ከሆነ ከጦሳ ተራራ ሥር የሚያድር ሰው ወፍራም ሹራብና ጋቢ እንደሚያስፈልገው እወቂ። ኮምቦልቻ የደረሳት ልጅ በዚህ ዕድለኛ ናት።

መናኸሪያ ስትደርሺ የዩኒቨርሲቲው መታወቂያ ያደረጉ ነባር ተማሪዎች አዲስ ገቢዎችን ይቀበላሉ፤ ብዙ ጊዜ አውቶቡስም ይመደባል። ሻንጣሽን ለእነርሱ እንጂ መታወቂያ ለሌለው ሰው አትስጪ። በመጀመሪያው ሳምንት አምስት ሰዎችን በመልክና በቢሮ ለይተሽ እወቂ፦ የዶርምሽን ፕሮክተር፣ የትምህርት ክፍልሽን ወይም የአንደኛ ዓመት አስተባባሪሽን፣ የሬጅስትራር ባለሙያሽን፣ የሥርዓተ ፆታ ቢሮ ኃላፊዋን፣ ከተማሪዎች ኅብረት ደግሞ አንድ ሰው። ሄደሽ ስምሽንና ከየት እንደመጣሽ ንገሪ፤ ምንም ሳትጠይቂ ተመለሺ። በሦስተኛው ወር ችግር ይዘሽ ስትመጪ የምታውቂው ፊት ይጠብቅሻል። በእኛ አገር ቢሮ እንዲህ ነው የሚሠራው፤ ሊሆን አይገባም ነበር ብሎ መከራከር ይቻላል፣ ግን ጉዳይ ያለበት ሰው ክርክሩን ለሌላ ጊዜ ያቆየዋል።

አራት፦ የወጪ መጋራት ቅጹ እና የካፌው ምርጫ

በምዝገባ ሰሞን «ፈርሚ» ብለው የሚሰጡሽ ቅጽ የወጪ መጋራት ውል ነው። በደንብ ቁጥር 91/1995 የተጀመረ አሠራር ነው፤ ከትምህርቱ ወጪ በከፊል፣ ከምግቡና ከመኝታው ደግሞ የወሰድሽውን ተመርቀሽ ሥራ ስትይዪ ከደመወዝሽ ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ የምትከፍይበት። አሁን ከኪስሽ የምትከፍይው የለም። ብዙ ወላጆች «ዕዳ» የሚለውን ቃል ሰምተው ይደነግጣሉ፤ መሬታቸው የሚያዝ የሚመስላቸው አሉ። ውሉ የአንቺ ነው፣ የሚከፈለውም ገቢ ሲኖርሽ ነው፤ ይህን ለአባትሽ በደንብ አስረጃቸው። ውሉ በየዓመቱ ይታደሳል፤ የየዓመቱን ቅጂ ከመፈረምሽ በፊት ስምሽን እስከ አያት አስተካክለው መጻፋቸውን አረጋግጪና አንዱን ያዢ። በስም ፊደል ስሕተት የተነሣ በመጨረሻው ዓመት የሚንከራተት ተማሪ ብዙ ነው።

እዚያው ላይ በካፌ ትመገቢ እንደሆነ ወይም የምግቡን ገንዘብ ወስደሽ በራስሽ ትበዪ እንደሆነ ትጠየቂያለሽ። ሁለተኛው በተማሪው አጠራር «ኖን ካፌ» ነው። ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ የሚመደበው በጀት በ2017 ዓ.ም. ከ22 ብር ወደ 100 ብር አድጓል፤ ስለዚህ ከበፊቱ ይልቅ ገንዘቡ ያጓጓል። ከድሃ ቤት የመጣች ልጅ ቁርስና ራቷን ቆጥባ ለታናናሾቿ ደብተር መላክ ያምራታል። አታድርጊው። በደሴም በወልድያም የአንድ ሽሮ ዋጋ ታውቂያለሽ፤ ገንዘቡ የሚዘገይበት ወርም አለ። ባዶ ሆድ የተቀመጡበት ሌክቸር አይገባም። ካፌውን ያዢ፤ ምግቡ ባይጥምም በሰዓቱ ይደርሳል። ሐኪም ልዩ ምግብ ያዘዘላት ተማሪ ደግሞ የሐኪሙን ወረቀት ይዛ የተማሪዎች አገልግሎትን ታነጋግር።

አምስት፦ ድጋፉ ያለባቸው በሮች

ዋናው የተማሪዎች አገልግሎት ወይም የተማሪዎች ዲን ጽሕፈት ቤት ነው። መኝታ፣ ምግብ፣ የምክር አገልግሎት፣ ክሊኒክ በዚህ ሥር ናቸው። ለችግረኛ ተማሪዎች የሚሰጥ የደብተር፣ የልብስ ወይም የኪስ ገንዘብ ድጋፍ ካለ ማስታወቂያው የሚለጠፈው ብዙ ጊዜ እዚህ ነው። ማስታወቂያ ሰሌዳውን በሳምንት አንድ ቀን እዪ፤ ከተለጠፈ በኋላ የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው።

የሥርዓተ ፆታ ቢሮ፣ በአንዳንዱ ግቢ የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ዳይሬክቶሬት የሚባለው፣ የሴት ተማሪዎች ቤት ነው። የንጽሕና መጠበቂያ፣ ለአቅመ ቢሶች የኪስ ገንዘብ፣ የፎቶ ኮፒ ድጋፍ፣ ለአንደኛ ዓመት ሴቶች ቱቶሪያል (የማስጠኛ ክፍለ ጊዜ) የሚያዘጋጀው ይህ ቢሮ ነው። መጠኑ ከግቢ ግቢ፣ ከዓመት ዓመት ይለያያል። ትንኮሳ የደረሰባት ተማሪ አቤቱታዋን የምታቀርበውም እዚሁ ነው። መምህርም ይሁን ተማሪ ወይም ከግቢ ውጭ ያለ ገንዘብ አለኝ ባይ፣ «ውጤትሽን አስተካክላለሁ» ወይም «እረዳሻለሁ» ብሎ ዋጋ የሚጠይቅ ሰው መልእክቱን በስልክሽ ከላከ አታጥፊው፤ ይዘሽው ሂጂ።

የተማሪዎች በጎ አድራጎት ክበብ ከሁሉም ለተማሪ የቀረበ ነው። ራሳቸው ተማሪዎች ከየኪሳቸው አዋጥተው፣ ከመምህራንና ከከተማው ነጋዴ ለምነው ለጓደኞቻቸው ሳሙና፣ ጫማና የመመለሻ ትራንስፖርት ይሸፍናሉ። ወረቀት አያበዙም። አፍረሽ ቢሮ መግባት ካቃተሽ ከእነርሱ ጀምሪ፤ «አብሽሪ» ብለው ወደሚቀጥለው ቢሮ ራሳቸው ያደርሱሻል።

ከግቢ ውጭ ደግሞ የወረዳሽ ተወላጆች አሉ። በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በአዲስ አበባ የሚኖሩ የየወረዳው ሰዎች ማኅበር ካላቸው ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚያዋጡበት ጊዜ አለ። መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑም በየፊናቸው ይረዳሉ።

ለማንኛውም ቢሮ ጥያቄሽን በጽሑፍ አቅርቢ። በቃል የተነገረ ችግር ያዘነልሽ ባለሙያ ሲቀየር አብሮ ይሄዳል። ማመልከቻው ከአንድ ገጽ አይበልጥ፤ ልቅሶ አይብዛበት፤ የምትፈልጊውን ነገር በስሙና በመጠኑ ይጥራ። አንድ ናሙና፦

ቀን ____________

ለ____________ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች አገልግሎት ዳይሬክቶሬት

ጉዳዩ፦ የትምህርት ቁሳቁስና የትራንስፖርት ድጋፍ ስለመጠየቅ

እኔ ተማሪ ____________፣ የመታወቂያ ቁጥሬ ____________ የሆነ፣ በያዝነው ዓመት ከ____________ ወረዳ ተመድቤ በ____________ የትምህርት መስክ በመማር ላይ እገኛለሁ። ወላጅ አባቴ በሕይወት የሉም፤ እናቴ በሴፍቲኔት ታቅፈው አራት ልጆችን ያሳድጋሉ። ከቤተሰባችን ከፍተኛ ትምህርት ተቋም የገባሁት እኔ የመጀመሪያዋ ነኝ። በዚህ ምክንያት ለደብተርና ለሃንዳውት ቅጂ በወር ____________ ብር፣ ለሴሚስተር እረፍት መጓጓዣ ደግሞ ____________ ብር የሚሸፍንልኝ ስለሌለ ዩኒቨርሲቲው በሚሰጠው የችግረኛ ተማሪዎች ድጋፍ እንድታቀፍ በአክብሮት አመለክታለሁ። ከቀበሌና ከወረዳ የተሰጠኝን ማስረጃ 2 ገጽ አያይዣለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ፊርማ ____________ ስልክ ____________

ግልባጭ፦ ለሥርዓተ ፆታ ቢሮ

ይህን በሁለት ቅጂ ጽፈሽ መዝገብ ቤት አስገቢ፤ በአንቺ ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ይጻፍልሽ። ከሳምንት በኋላ ያን ቁጥር ይዘሽ ትመለሻለሽ። ስትገቢ «ጤና ይስጥልኝ፤ በዚህ ቁጥር ያስገባሁት ማመልከቻ የት ደርሶ እንደሆነ ለመጠየቅ ነው የመጣሁት» ማለት ይበቃል። ባለሙያውን «እርስዎ» እያልሽ አነጋግሪ፤ ግን አጎንብሰሽ አትቁሚ። «ነገ ነይ» ካሉሽ «ስንት ሰዓት ልምጣ?» ብለሽ ጠይቂ። ሰዓት የሌለው ነገ አያልቅም። ካልተሳካ የከለከሉሽን ምክንያት ጠይቂና በሚቀጥለው ሴሚስተር በዚያው ምክንያት አስተካክለሽ አቅርቢ። በመጀመሪያው ጊዜ የተከለከሉ ብዙዎች በሁለተኛው ያገኛሉ፣ ፋይላቸው ስላለ።

ስድስት፦ የመጀመሪያው ሴሚስተር ትምህርት

የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት በ2012 ዓ.ም. ተመልሶ ከመጣ ወዲህ ሎጂክ፣ ሥነ ልቦና፣ ጂኦግራፊ፣ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛና ሌሎችንም ሁሉም ተማሪ ይወስዳል። የምትገቢበት የትምህርት ክፍል የሚወሰነው በዚያ ዓመት ውጤት ስለሆነ ሁለተኛ ዓመት ላይ አካክሳለሁ ማለት አያዋጣም። ከገጠር ትምህርት ቤት የመጣችን ልጅ ከሁሉ በፊት የሚመታት ቋንቋው ነው። መምህሩ ከጀመረ እስከሚጨርስ በእንግሊዝኛ ነው የሚያወራው፤ በፍጥነት። ደንግጠሽ ዝም አትበዪ፤ ሁሉም ደንግጧል፣ የከተማዋ ልጅ የምትሸፍንበት ዘዴ ስላላት ነው።

በተግባር እንዲህ አድርጊ። ሃንዳውቱ፣ ማለትም መምህሩ የሚያድለው የትምህርት ጽሑፍ፣ አስቀድሞ ይሰጣል፤ ከክፍል በፊት ማታ አንብበሽ የማታውቂያቸውን ቃላት ብቻ በአማርኛ ጽፈሽ ግቢ። ከፊት ተቀመጪ። ከክፍል በኋላ ከአራት ከአምስት ልጆች ጋር በአማርኛ ተነጋገሩበት፤ አንዷ የከተማ፣ አንዱ በሒሳብ የበረታ ቢሆን መልካም። በወንፈል የሚታረስ መሬት እንደሚቀልለው ሁሉ በወንፈል የሚነበብ ሃንዳውትም ይቀልላል። ኮምፒውተር ነክተሽ የማታውቂ ከሆነ የግቢው ኮምፒውተር ክፍል ሰው የማይበዛበትን ሰዓት አጣርተሽ በመጀመሪያው ወር መተየብ ተለማመጂ፤ አሳይመንት በጽሕፈት ቤት ማስተየብ ኪስ ያራቁታል።

መምህራን የቢሮ ሰዓት አላቸው፤ ሰዓቱ በሩ ላይ ይለጠፋል። ባዶውን ወንበር ሳስበው ይቆጨኛል፤ ተማሪው መምህሩን መጠየቅ ድፍረት ይመስለዋል። አንድ ጥያቄ በወረቀት ጽፈሽ ግቢ፣ ተቀበይ፣ አመስግነሽ ውጪ። ቱቶሪያል ሲታወጅ ደግሞ «የሰነፎች ነው» የሚሉ ይኖራሉ፤ አትስሚያቸው። ለሴቶች በተዘጋጀው ቱቶሪያል ላይ የሚያስጠኑት ብዙ ጊዜ ያንኑ ትምህርት በከፍተኛ ውጤት ያለፉ ነባር ተማሪዎች ናቸው፤ መምህሩ ከየት አካባቢ ፈተና እንደሚያወጣ ያውቃሉ።

ውጤት ሲወጣ ከጠበቅሽው በታች ከሆነ የቅሬታ ቅጽ አለ፤ ጊዜው ግን በቀናት የተገደበ ነው። ማስጠንቀቂያ የሚሰጥበትንና ከትምህርት የሚያስወጣውን ነጥብ የየዩኒቨርሲቲው የሴኔት ሕግ ይወስነዋል፤ ሬጅስትራር ሄደሽ የአንቺን ጠይቂና ጻፊው። ለመመረቅ 2.00 አማካይ ነጥብ እንደሚያስፈልግ ሁሉም ያውቃል፤ ከዚያ በፊት ያሉትን መስመሮች ነው ተማሪው የማያውቀው።

ማለፊያ ላላመጡ በተዘጋጀው የማካካሻ ወይም የሪሜዲያል ፕሮግራም ለገባችው አንድ ቃል ልጨምር። ፕሮግራሙ በ2015 ዓ.ም. ሲጀመር የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ስለዚህ በማካካሻ መግባት የሚያሳፍር አይደለም። ግን ጊዜው አጭር ነው። ሲጀመር 30 በመቶው ዩኒቨርሲቲው ከሚሰጠው ምዘና፣ 70 በመቶው ከማዕከል ከሚመጣው ፈተና ነበር። የአንቺ ዓመት አከፋፈል እንዴት እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን ጠይቂና ጊዜሽን በዚያው ልክ ክፈይ።

ሰባት፦ የአካል ጉዳት ያለባት ተማሪ

የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ተቋማት ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ምቹ ሁኔታ እንዲፈጥሩ ያስገድዳል። በተግባር ይህ ማለት ምድር ቤት ያለ ዶርም፣ ለፈተና ተጨማሪ ጊዜ፣ ለዓይነ ስውር ተማሪ አንባቢ ወይም የድምፅ መቅጃ፣ ክፍሉም ፎቅ ላይ ከሆነ ወደ ታች እንዲወርድ መጠየቅ ነው። የልዩ ፍላጎት ቢሮ ባለበት እዚያ፣ በሌለበት የተማሪዎች አገልግሎት ዘንድ በምዝገባ ቀን ተመዝገቢ። መጠየቁን እስከ ሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ) ፈተና ካዘገየሽው የዚያ ፈተና ጊዜ ያመልጥሻል።

ስምንት፦ ለመውጣት ስትገደጂ

ይህን ክፍል በጥንቃቄ አንብቢ፤ ከመመሪያው ሁሉ የምሰጋው ይህን የምታልፈዋን ልጅ ነው።

እናት ትታመማለች። አባት ይሞታል። ታናሽ ወንድም በባቲ በኩል አድርጎ ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም ወደ ሳዑዲ ይነሣና በመንገድ ተይዟል የሚል ስልክ ይመጣል። ልጅቷ ሻንጣዋን ይዛ ሌሊት ትወጣለች፤ ለማንም አልተናገረችም። ከወራት በኋላ ስትመለስ በሬጅስትራር መዝገብ ላይ ያቋረጠች ተብላለች፣ ባልተፈተነችባቸው ትምህርቶችም ውጤቷ ተበላሽቷል። ሊታይላት የሚችል ሐዘን ነበር፤ ወረቀት ስላልነበረው አልታየም።

መውጣት የግድ ከሆነ ከግቢው በር በፊት ሬጅስትራር ሂጂ። የትምህርት ማቋረጫ ቅጽ፣ ተማሪው «ዊዝድሮዋል» የሚለውን ሙዪ። የትምህርት ክፍሉ፣ ቤተ መጻሕፍቱና ዶርሙ ይፈርማሉ፤ ከተሯሯጥሽ በአንድ ቀን የሚያልቅ ሥራ ነው። ቅጂውን ያዢ። ምክንያቱን የሚያሳይ የሐኪም ወረቀት ወይም የቀበሌ ደብዳቤ ኋላ ልታመጪ ትችያለሽ። ስትመለሺ በጊዜው የዳግም ቅበላ ማመልከቻ ታስገቢያለሽ፤ ስንት ጊዜ ድረስ መቅረት እንደሚቻል ስትወጪ ጠይቀሽ ቅጂው ጀርባ ላይ ጻፊው። ሌሊት ከሆነና ቢሮ ዝግ ከሆነ ለፕሮክተሯ በጽሑፍ ተይላት፤ ጓደኛሽ በማግሥቱ ለትምህርት ክፍሉ ታሳውቅ።

የቀረሽው ለአንድ ፈተና ብቻ ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው። ከታመምሽ የግቢው ክሊኒክ የዚያን ዕለት ቀን የያዘ ማስረጃ ይስጥሽ፤ በዚያ ማስረጃ ሌላ ጊዜ ለመፈተን ማመልከት ይቻላል። ኋላ የተጻፈ የሕመም ወረቀት ተቀባይ አያገኝም።

የሚያስወጣሽ ገንዘብ ማጣት ከሆነ ቅጹን ከመሙላትሽ በፊት አምስተኛው ክፍል ላይ ያሉትን በሮች ሁሉ አንኳኪ። «ወደ ዓረብ አገር ሄጄ ሠርቼ እመለሳለሁ» የሚለውን ሐሳብ ደላላ ሳይሆን ከዚያ የተመለሰች ልጅ አማክረሽ ወስኚ። በወሎ እንዲህ ያለች ልጅ ለማግኘት ሩቅ አትሄጂም።

ለወላጆች

ይህን ለእናትና ለአባትሽ አንብቢላቸው። ልጅዎን በየሳምንቱ ይደውሉላት፤ ስለ ውጤት ብቻ አይጠይቋት፤ «በላሽ? ተኛሽ? ማን አስጠናሽ?» ይበሉ። የዩኒቨርሲቲውን የትምህርት ካሌንደር ቅጂ ቤት ግድግዳ ላይ ለጥፋላችሁ ትሂድ፤ የፈተናው ሳምንት የታወቀ ይሁን፣ በዚያ ሳምንት ክፉ ወሬ የግድ ካልሆነ አይነገራት፤ ሠርግም አይቆረጥ። ሽማግሌ ሲመጣ ደግሞ «ትምህርቷን ስትጨርስ» የሚል መልስ ይበቃል፤ ሽማግሌም የሚያከብረው መልስ ነው።

ዘጠኝ፦ መውጫው

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። የትምህርት ክፍሉ የሚያወጣውን የፈተና ይዘት ዝርዝር በመጨረሻው ዓመት መጀመሪያ ላይ ጠይቂ፤ የሁለተኛና የሦስተኛ ዓመት ሃንዳውትሽን አትሽጪ፣ ለሚቀጥለው ተማሪም አታውሺ። ያላለፈ ተማሪ በሌላ ዙር ዳግመኛ ይቀመጣል፤ ስለዚህ አንዴ መውደቅ ትምህርቱ ጠፋ ማለት አይደለም።

ከዚያ ክሊራንስ አለ። ቤተ መጻሕፍት፣ ዶርም፣ ካፌ፣ ቤተ ሙከራ እየዞሩ ዕዳ እንደሌለብሽ ያስፈርሙሻል። የጠፋ ቁልፍና መጽሐፍ በዚህ ቀን ነው የሚወጣው፤ ከአንድ ወር በፊት ጀምረሽ አጣሪ። የወጪ መጋራቱ ጠቅላላ ሒሳብ የተጻፈበትን ወረቀት ተቀብለሽ በየዓመቱ ከያዝሻቸው ቅጂዎች ጋር አስተያዪው፤ ካፌ ያልበላሽበት ሴሚስተር ተቆጥሮብሽ እንደሆነ ማስተካከል የሚቀለው ግቢውን ሳትለቂ ነው። መምህር ሆነው የሚያገለግሉ ተመራቂዎች ዕዳውን በአገልግሎት የሚከፍሉበት አሠራርም አለ፤ ማስተማር ካሰብሽ በዚያው ቀን ጠይቂ። በእጅሽ የሚሰጥሽ ጊዜያዊ ዲግሪ ነው፤ ለሥራ ማመልከቻ ያገለግላል። ዋናው የሚሰጥሽ ዕዳው ተከፍሎ ማረጋገጫው ሲደርስ ነውና ቀጣሪሽ ከደመወዝሽ መቁረጥ ሲጀምር ደረሰኙን በየወሩ ተቀብለሽ አስቀምጪ።